መጀመሪያ ምን አየሽ?

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሕክምና ራቅ ያለ፣ ሰውን ዘና የሚያደርግ ነገር ተናገሪልን» ሲሉኝ፣ «ስለ አውሮፕላን ልናገር?» አልኳቸው። «ስለ ጉዞ ማለትሽ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ ስለ አውሮፕላን የውጭ አካል፤ ስለ ክንፉ ጫፍ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ሞተሩ ሽፋን፣ ስለ ትንንሽ ቀዳዳዎቹ» አልኩ። ስልኩ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። የእኔ ባች ልጆች ግን ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ እነሱን አልገረማቸውም።

እዚህ ጎንደር ተማሪ ሳለሁ የዶርም ስሜ «ታወር» ነበር። በዚያን ጊዜ አየር መንገዳችን ለአገር ውስጥ በረራ ፎከር 50 ይጠቀም ነበር። ሣር ላይ ተቀምጠን አናቶሚ ስናነብ ከአዘዞ በኩል የሞተር ድምፅ ከተሰማ፣ እኔ ነርቩንም ደም ሥሩንም ትቼ ቀና ነው። ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር የሚያሽከረክር አውሮፕላን ነው። ጓደኞቼ «ታወር፣ ፈቃድ ስጪውና ይረፍ!» ይሉኝ ነበር። በኋላ ፎከሩ በኪው 400 ተተካ። እሱም ክንፉ ከላይ ነው፤ እሱም ስድስት ምላጭ አለው። ለመለየት ጅራቱን ማየት ነው። የኪው 400 አግድም ጅራት ከቋሚው ጫፍ ላይ ወጥቶ የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል ይሠራል፤ የፎከሩ ግን ታች ከአካሉ አጠገብ ነው።

እስቲ ትናንትና ዛሬ በአውሮፕላን የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ፣ ደረጃውን ከመውጣታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አውሮፕላኑን ከውጭ ያያችሁ ብቻ እጃችሁ ይቆይ። (ሳቅ) እሺ፣ ሁለት ሰው። ሌሎቻችሁ ስልካችሁን ነበር የምታዩት። እንግዲህ የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲዬን ጨርሼ አዲስ አበባ መሥራት ጀምሬያለሁ። አንድ እሁድ ጠዋት ቦሌ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ አራት ወንዶች ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ጥርስ አለው!» ይላል። ሌላው «የለውም፣ ልሙጥ ነው፣ በዐይኔ አይቼዋለሁ» ይላል። የጥርስ ሐኪሞች መስለውኝ ዞር አልኩ። ለካ የሚጨቃጨቁት አሁን ስላረፈው አውሮፕላን ሞተር ነው።

አንደኛው የሒሳብ መምህር ነው። ሁለተኛው የራይድ ሹፌር ነው። ሦስተኛው ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የነበረ የሹፌሩ የወንድም ልጅ ነው። አራተኛው 36 ዓመት በአውሮፕላን ጥገና ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን አትጥሪ ስላሉኝ፣ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። መምህሩ «767 ነው» አለ። ሹፌሩ «787 ነው» አለ። ሁለቱም የቦይንግ ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ሞተር ናቸው፤ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ጋሼ ግን የማንንም ወገን አልያዙም። ማኪያቷቸውን አስቀመጡና «ስሙን ተዉት። መጀመሪያ ምን አያችሁ?» አሉ።

መምህሩ ያየውን ሲጠየቅ ተንተባተበ። «ትልቅ ነው፣ ባለ ሁለት ሞተር…» አለና ቆመ። ሹፌሩ ግን ቆጠረ፤ «ክንፉ ወደ ላይ ተቀስሯል፣ ጫፉ እየቀጠነ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው» አለ። ጋሼ ሳቅ ብለው «እንግዲህ ስሙን ራስህ ንገረን» አሉት። በቃ፣ ወንበሬን ስቤ ተቀላቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ተረኛ ካልሆንኩ እሁድ ጠዋት የምገኘው እዚያ ነው። ፎቶ አናነሳም፤ አየር ማረፊያ አካባቢ ካሜራ መደቀን ጥያቄ እንደሚያመጣ እናውቃለን። ሥራችን ማየትና መከራከር ብቻ ነው። አንድ ባይነኩላር አለን፣ በተራ ይዞራል።

ስለምን እንከራከራለን? እስቲ ጥቂት ላካፍላችሁ።

የ787ቱ ጥርስ ለጌጥ አይደለም። ከሞተሩ በስተኋላ በኃይል የሚወጣው አየር ከውጭው አየር ጋር በድንገት ሲጋጭ ነው ያ ሁሉ ጩኸት የሚፈጠረው። ጥርሱ ሁለቱን አየር ቀስ በቀስ ያደባልቃቸዋል፤ ጩኸቱ ይቀንሳል። ጩኸቱ ሲቀንስ አካሉ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ድምፅ ማፈኛም ያንሳል፤ ክብደት ይቀንሳል። ይህ አውሮፕላን ወደ አፍሪካ መጀመሪያ የመጣው በእኛው አየር መንገድ፣ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ብረት ሳይሆን ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተሠራ ውሁድ ነው። ክንፉ በአየር ላይ እንደዚያ ወደ ላይ የሚቀሰረውም በዚሁ ነው።

ጎማም አለ። 767 ለማረፍ ሲመጣ የዋናው እግር አራት ጎማዎች ዘንበል ብለው የፊተኞቹ ዝቅ ይላሉ። 777 ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ዋና እግር ስድስት ጎማ ነው፤ የሚያዘነብለውም በተቃራኒው ነው፣ የኋለኞቹ ዝቅ ይላሉ። ሌሊት ከሆነ መብራቱን ታያላችሁ፤ የግራ ክንፍ ጫፍ ቀይ ነው፣ የቀኙ አረንጓዴ፣ ኋላ ነጭ። ቀይ ብቻ ካያችሁ በግራ ጎኑ በኩል ናችሁ። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ላይ ከታያችሁ ወደ እናንተ እየመጣ ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ልጁ «ጋሼ፣ የ737 ሞተር ታቹ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? ሰው የተቀመጠበት ይመስላል እኮ» አለ። ጋሼ ደስ አላቸው። 737 በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲነደፍ ከመሬት ዝቅ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ነው፤ ሻንጣውን ሠራተኛ ቆሞ በእጁ እንዲጭን፣ ያለ ብዙ መሣሪያ በትንንሽ አየር ማረፊያ እንዲሠራ። የዚያ ዘመን ሞተር ቀጭን ስለነበር ከክንፉ ሥር በደንብ ገባ። በ1980ዎቹ ወፍራምና ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር ሲመጣ ግን ቦታ ጠፋ። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ይቀመጡ የነበሩት አጋዥ ዕቃዎች ወደ ጎን ተወሰዱና የሽፋኑ ታች ተደፈጠጠ። «አየህ» አሉት ጋሼ፣ «በውጭ የምታየው እያንዳንዱ ነገር የሆነ ሰው የሆነ ቀን የወሰነው ውሳኔ ጠባሳ ነው።» እኔ ሐኪሟ ጠባሳ የሚለውን ቃል ከአውሮፕላን ሰው አፍ ስሰማ በጣም ገረመኝ።

ከሁሉም በላይ ውስጤ የቀረው ግን ስለ ቀዳዳዎቹ የነገሩን ነው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ አካባቢ ወደ ፊት የተቀሰሩ አጫጭር ቱቦዎች አሉ፤ ፒቶት ይባላሉ። ፊት ለፊት የሚመጣውን የአየር ግፊት ይለካሉ። በአካሉ ጎን ላይ ደግሞ ከሩቅ የማይታዩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ስታቲክ ፖርት ይባላሉ። እነሱ የሚለኩት በዙሪያው ያለውን የረጋ የአየር ግፊት ነው። ከፍ ሲባል ግፊቱ ይቀንሳልና ከፍታ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። የሁለቱ ግፊት ልዩነት ደግሞ ፍጥነትን ይሰጣል። ያን ግዙፍ ነገር የሚመሩት አብራሪዎች በጨለማ ውስጥ ከፍታቸውንም ፍጥነታቸውንም የሚያውቁት የአዝራር ቀዳዳ በማያህሉ ነገሮች ነው።

ጋሼ ናፕኪን ላይ እየሳሉ የነገሩን ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1996፣ የኤሮፔሩ በረራ 603፣ ቦይንግ 757፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሊማ ወደ ሳንቲያጎ ተነሳ። አውሮፕላኑ ቀደም ብሎ ሲታጠብ ውኃ እንዳይገባ ስታቲክ ፖርቶቹ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ከታጠበ በኋላ ፕላስተሩ አልተነሳም። የጥገናው ሰው አላነሳውም፤ ከበረራ በፊት ዙሪያውን የተመለከተውም ሰው አላየውም። ከተነሱ በኋላ መሣሪያዎቹ ተምታቱ። አንዱ ማስጠንቀቂያ «ፍጥነትህ በዛ» ይላል፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት «ፍጥነትህ አንሶ ልትወድቅ ነው» ይላል። ከታች ጥቁር ውቅያኖስ ነው፤ ምንም የሚታይ መብራት የለም። አብራሪዎቹ ከፍታቸውን ከመሬት ተቆጣጣሪው ጠየቁ። ተቆጣጣሪው ስክሪኑን አይቶ 9,700 ጫማ ላይ ናችሁ አላቸው። ያ ቁጥር ግን ከራሱ ከአውሮፕላኑ መሣሪያ የተላከ ነው፤ ከተሸፈነው ቀዳዳ የመጣው ስህተት መልሶ ዞሮ ደረሳቸው። እነሱ የውኃውን ገጽ ሊነኩ ተቃርበው ነበር። 70 ሰው ሞተ።

ጋሼ ናፕኪኑን አጥፈው «ሁለተኛ ምስክር ያገኙ መሰላቸው፤ ምስክሩ ግን አንድ ነበር» አሉ።

ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ከአብራሪዎቹ አንዱ ወርዶ አውሮፕላኑን የሚዞረው። አይታችሁት ይሆናል፤ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ፣ ሌሊት ከሆነ ባትሪ የያዘ ሰው ነው። ከአፍንጫው ይጀምራል፣ በቅደም ተከተል ይዞራል፣ እዚያው አፍንጫው ጋ ይጨርሳል። ቱቦው ክፍት ነው? ቀዳዳው ንጹሕ ነው? የሞተሩን ምላጭ ወፍ አልመታውም? ጎማው አልተበላም? ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር የለም? አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት በፊት በሰላም አርፎ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ይዞራል። ቸኩሎ ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም ይዞራል።

አሁን፣ የሚያዝናና ነገር ተናገሪ የተባልኩትን ትንሽ ላጥፍ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

2009 ዓ.ም.፣ ክረምት ነው። ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። የታካሚዋን ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ሦስት ሳምንት የሆናት ወጣት እናት ከሌላ ቦታ ተልካ መጣች። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ታስላለች። የመላኪያ ወረቀቷ ላይ «የሳንባ ምች» ተጽፏል። ብርድ ነበርና ጋቢም ብርድ ልብስም ደርባለች። ዋርዱ ሞልቷል፤ ከእሷ በኋላ የሚጠብቁኝ ብዙ ናቸው። ቀና አድርጌ ጀርባዋን አዳመጥኩ፤ በቀኝ በኩል ታች የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሰማሁ። ኦክስጅኗ ዝቅ ብሏል። እኔም ካርዱ ላይ «የሳንባ ምች» ብዬ ጻፍኩ። ኢንተርኑ ከእኔ ገለበጠ። በማግስቱ ራውንድ ላይ ሬዚደንቱ የኢንተርኑን አነበበ። አራት ወረቀት አንድ ነገር ይላል፣ ሁላችንም ተስማምተናል። መድኃኒት ጀመርን፣ ኦክስጅን ሰጠን።

በሁለተኛው ቀን ማታ የዋርዷ ሲስተር አንሶላ ልትቀይርላት ብርድ ልብሱን ገለጠች። የግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን አብጧል፤ ቀኙ ደህና ነው። ሲስተር አንድ ቃል ሳትጨምር ሮጣ ጠራችኝ። እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች ከዚህ በኋላ ያለውን ልነግራችሁ አያስፈልግም። እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ እየሄደ ነበር። ሄፓሪን ጀመርን። ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች።

እናቷ በኋላ «ከወለደች ጀምሮ እግሯን ትጎትት ነበር» አሉኝ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ባሏ ደጅ ቆሞ ነበር። ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ ለፍታችኋል» አለኝ። ከቁጣ ሁሉ የከበደኝ ይህ ምስጋና ነው።

በመጀመሪያው ቀን ብርድ ልብሱን ብገልጥ ትተርፍ ነበር? ምናልባት። ይህን «ምናልባት» እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። ግን የማልሸሸው ነገር አንድ ነው። ያን እሁድ ጠዋት እኔ ካፌው ፎቅ ላይ ተቀምጬ በሩቅ የሚያርፍን አውሮፕላን የጎማ ዘንበልታ አይቼ መለየት እችል ነበር። ስለ ፕላስተሩ ታሪክ ሰምቼ ዐይኔ እንባ አቅርሯል። ሰኞ ግን በአንድ ክንድ ርቀት የተኛች ሰው እግር አላየሁም። ማየት እወዳለሁ ማለት አያለሁ ማለት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። አብራሪው አውሮፕላኑን የሚዞረው ስለሚወደው አይደለም። ደስ ቢለውም ባይለውም እንዲዞር ሥርዓት ስላለው ነው። እኔ ሥርዓት አልነበረኝም።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙ ሳምንት ካፌው አልሄድኩም ነበርና ደወሉልኝ። «ዶክተርዬ፣ ምነው ጠፋሽ?» አሉኝ፤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። «አይዞሽ» አላሉኝም፤ ስለዚህ አከብራቸዋለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ከየት ትጀምሪያለሽ?» ብቻ ነው ያሉኝ። ያን ቀን ማታ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከፊት፣ ከዐይን፣ ከአንገት እጀምራለሁ፤ በቀኝ በኩል ወደ እግር እወርዳለሁ፤ ሁለቱን እግር ጎን ለጎን ገልጬ አያለሁ፤ በግራ በኩል እመለሳለሁ። የላከው ሰው የጻፈውን የማነበው ዞሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። በጣም ካልታመመ በቀር ይህን አልዘልም።

ነገር ግን ሁሉም በማየት ይድናል ብዬ ከዚህ ብወርድ ውሸት ይሆናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ነበር። እኛም እንደ ወትሮው ካፌው ተቀምጠናል። የበረራ 302ን ወሬ የሰማነው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከቦሌ ከተነሳ በስድስት ደቂቃ፣ 157 ሰው። በዚያ ቀን ስለ ሞዴል ማንም አልተናገረም። ባይነኩላሩ ከቦርሳ አልወጣም። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ሰዓት ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ሪፖርት ከወጣ በኋላ ነው የተናገሩት። ልጁ ስለጠየቀው ስለዚያ ጠፍጣፋ ሞተር ጀመሩ። በአዲሱ 737 ማክስ ሞተሩ ከበፊቱም ወፈረ። የአፍንጫው እግር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዘመ፤ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፋ። ይህ የአውሮፕላኑን ጠባይ በመጠኑ ቀየረው፤ ያን ለማስተካከል አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር ተጨመረ። በአፍንጫው ግራና ቀኝ አውሮፕላኑ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን አንግል የሚለኩ ሁለት ትንንሽ ቀዘፋዎች አሉ። ሶፍትዌሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። በበረራ 302 የግራው ንባብ ከተነሱ ብዙም ሳይቆይ ተሳሳተ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር 189 ሰዎች የሞቱበት አደጋም በዚያው ሶፍትዌር ነው። በኋላ ሁለቱን ቀዘፋዎች እንዲያነጻጽር ተደርጎ ተስተካከለ።

ጋሼ ያሉት ይህን ነው፦ «ይህን ከበረራ በፊት አሥር ጊዜ ቢዞሩት አያዩትም። የሚዞረው ሰው ላይ ብቻ አትፍረዱ።» በእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። አንድ ኢንተርን ለአርባ ታካሚ ብቻውን ሲቆም፣ አምፖሉ ሲቃጠል፣ በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ ሳይኖር «ለምን ገልጠህ አላየህም?» ማለት ግማሽ እውነት ነው። እኔ የራሴን ግማሽ አልክድም። ሌላውን ግማሽ ግን በአንድ ሰው ደብተር አንሞላውም።

ደግሞ ሥርዓት ያበጀ ሰውም ይስታል። ባለፈው ጊዜ፣ አየር መንገዳችን በአፍሪካ የመጀመሪያውን ኤርባስ ኤ350-1000 ከተረከበ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ባይነኩላሩ የእኔ ተራ ነበር። ትልቅ አውሮፕላን ለማረፍ መጣ። በዋናው እግር ላይ ስድስት ጎማ ቆጠርኩ። «777!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ልጁ፣ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ በትሕትና «ዶክተር፣ የክንፉን ጫፍ አይተውታል?» አለኝ። መልሼ አየሁ። ጫፉ እንደ ቆልማማ ጩቤ ወደ ላይ ተጠምዟል። የአብራሪዎቹ መስኮት ዙሪያ ጥቁር መነጽር ያደረገ ይመስላል። የ350 መለያ ነው ይህ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው ኤ350-900 በእያንዳንዱ ዋና እግር አራት ጎማ አለው፤ ረዘም ያለው 1000 ግን ስድስት ነው። ጋሼ እየሳቁ «ዶክተርዬ፣ ጎማውን ከቆጠርሽ በኋላ ዐይንሽን ጨፈንሽ» አሉኝ። አሥር ዓመት ሙሉ የተማርኩትን ነው በአንድ ስድስት ጎማ የረሳሁት። በዚያ ቀን ማኪያቶውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

አባቶቻችን ነገር በዐይን ይገባል ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር ለምኜ ልውረድ።

አንደኛው ለመምህራን ነው። በእኛ ጊዜ በዐይን ማየት፣ በእጅ መዳሰስ፣ ማንኳኳት፣ ማዳመጥ ብላችሁ በቅደም ተከተል አስተምራችሁናል። የመጀመሪያዋን ግን እኛ ተማሪዎቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር እያለፍናት ወደ ማዳመጫው እንሮጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ላቦራቶሪ ወረቀትና ወደ ስልክ ይሮጣል። በዋርድ ትምህርት ላይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ያለ ማዳመጫ፣ ያለ ካርድ፣ ያለ ስልክ አድርጉልን። ተማሪው ታካሚውን አስፈቅዶ አልጋውን በሁለቱም ጎን ይዙር። ያየውን ብቻ ይናገር። የበሽታ ስም የጠራ ማኪያቶ ይክፈል።

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። በአገራችን ብዙ ዋርዶች ታካሚን ገልጦ ማየት ነውር የሚሆነው ሰው ሁሉ ስለሚያይ ነው። ሐኪሙም ያፍራል፣ ታካሚዋም ትሸፈናለች። በዘንድሮው መዋጮ ተማሪዎቻችን ለሚለማመዱባቸው ዋርዶች ተጣጣፊ መጋረጃና የእጅ ባትሪ እንግዛ። ዋጋው ከዛሬው እራት ብዙ አይበልጥም። የእኔን ድርሻ ለገንዘብ ያዧ ሰጥቻለሁ፤ መዝገቡ መውጫው በር ላይ ነው።

ነገ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ከደረጃው ሥር አንድ ደቂቃ ቁሙልኝ። ከአፍንጫው ጀምራችሁ ትንንሾቹን ቱቦዎች ፈልጓቸው። ሰደርያ ለብሶ ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ካያችሁ በእኔ ስም ሰላም በሉት።